ዳኛው
ክፍል 4፦ ካሜሮን ማዶ

ባለፈው ሳምንት፦ ተስፋዬና አልማዝ አርቪያቸውን (እንደ ቤት የሚያድሩበትን መኪና) ይዘው ከሂውስተን ተነሡ፤ ጋልቭስተን ባሕር ዳር አደሩ። ሌሊት ሲጨቃጨቁ ውሻቸው ዳኛው እንደ ልማዱ መካከላቸው ገብቶ ተጋደመ። ሲነጋ አልማዝ የጋዙን መፍቻ ፍለጋ ከወንበሩ ሥር ያለውን ሳጥን ከፈተች። እጇ ግን ሌላ ነገር ጨበጠ።

የውሻ አንገት ማሰሪያ ነበር። ቀዩ ቀለም ለቋል፤ ዘለበቱን ጨው በልቶታል። ጫፉ ላይ የተንጠለጠለችውን ቆርቆሮ በአውራ ጣቷ ጠረገቻት። ስልክ ቁጥር ነው፤ በ337 ይጀምራል።

ዕድሜ ልኳን የትራክ ሹፌር ሚስት ሆና የኖረች ሴት የስልክ ኮድ አይጠፋትም። 713 ሂውስተን፣ 409 ጋልቭስተንና ቦሞንት። 337 ደግሞ የሉዊዚያና ደቡብ ምዕራብ ነው።

"አልሚ፣ መፍቻው ተገኘ?" ተስፋዬ ከውጭ ተጣራ።

"ተገኘ!"

ማሰሪያውን ጀበናዋን በጠቀለለችበት ጋቢ ውስጥ ወሸቀችው።

ከዚህ በፊት የነገርኳችሁን አትርሱ፦ ተስፋዬ ውሻውን ወደ ቤት ያመጣው እ.ኤ.አ. በ2020 ጥቅምት ላይ ነው። "የሥራ ባልደረባዬ ሊጥለው ሲል ተቀበልኩት" አለ። አልማዝ ያኔ "ውሻ ከቤቴ አይገባም!" ብላ ሦስት ቀን አኩርፋ ነበር። ዛሬ እሷው በሁዳዴ እየጾመች ለእሱ ሥጋ ትቀቅላለች።

ከጋልቭስተን ወደ ቦሊቫር መኪና የሚያሻግረው ጀልባ ቀን ከሌት ይሠራል፤ ክፍያ የለውም። ጉዞው ሃያ ደቂቃ አይሞላም። ሰዉ ሁሉ ከመኪናው ወርዶ ዶልፊን ለማየት አጥሩ ላይ ተደገፈ። አልማዝ ግን ስልኳን ይዛ ወደ ኋላ ሄደች። ተስፋዬ ጀርባዋን አየ፤ ረጅም ጊዜ ስታዳምጥ፣ አንድ ጊዜም እንባዋን ስትጠርግ።

"ለማን ደወልሽ?"

"ለልጅህ።"

በትዳራቸው ውስጥ አልማዝ ውሸት ስትናገር የመጀመሪያዋ ባይሆንም፣ ሳትስቅ ስትዋሽ የመጀመሪያዋ ነበር።

ቦሊቫር ላይ ቤቶቹ በረጃጅም ምሰሶ ላይ ቆመዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 አይክ የተባለው አውሎ ነፋስ ልሳነ ምድሩን ጠርጎት ሲሄድ፣ ተስፋዬ ከሂውስተን እንጨትና ሲሚንቶ ያመላልስ ነበር። ስለዚያ ጊዜ እያወራ ነዳ። ሰው ሲጨንቀው ወሬ ያበዛል። ዳርቻውን ተከትሎ ይሄድ የነበረው 87 ቁጥር መንገድ ከሃይ አይላንድ ወዲያ የለም፤ ባሕሩ እየበላው እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ተዘግቷል። ስለዚህ ወደ ሰሜን ታጥፈው ዊኒ ደረሱ።

ዊኒ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ አይ-10 ነው፤ ሌላው በፖርት አርተር አድርጎ ወደ ባሕሩ ይመልሳል።

"በአይ-10 እንሂድ፤ ሰፊ ነው" አለ ተስፋዬ።

"ባሕር ዳር ለባሕር ዳር ልንሄድ አልነበር የወጣነው?"

"ነፋስ አለ። ድልድዩም ለዚህ ትልቅ መኪና አይመችም። ነዳጅ ማደያ የለም። ትንኙስ?"

ይህን የሚለው ክረምት ለክረምት ዋዮሚንግን በበረዶ ያቋረጠ ሹፌር ነው! አልማዝ ምንም አልመለሰችም። ጣቷን ወደ ፖርት አርተር ምልክት ቀሰረች፤ እሱም ዞረ።

ሳባይን ሐይቅን ተሻግረው ሉዊዚያና ገቡ። መንገድ 82 በግራው ረግረግ፣ በቀኙ ባሕር ይዞ ይሄዳል። ቦዩ ዳር አዞዎች ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ለዚያ ነው እዚህ አገር ውሻ ይዞ ውኃ ዳር የሚሄድ ሰው ገመዱን የሚያሳጥረው። ሆሊ ቢች ሲደርሱ ወደ የትም የማያደርሱ የሲሚንቶ ደረጃዎች ታዩ። ቤቶቹ የሉም። ሪታ የተባለችው አውሎ ነፋስ እ.ኤ.አ. በ2005 መንደሩን ጠራርጋው ነበር፤ የተረፈው ሰው ዳግም ሠራ። ነሐሴ 27 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ደግሞ ላውራ በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር በሚነፍስ ነፋስ ካሜሮን አጠገብ ገባች። ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ ዴልታ ተከተለች።

ዳኛው ከተኛበት ተነሣ። አፍንጫውን መስኮቱ ላይ ለጥፎ ያለቅስ ጀመር።

"ተስፍሽ፣ ዳኛውን ያመጣኸው ላውራ በመጣችበት ዓመት ነበር አይደል?"

ዝም አለ። ከፊታቸው የካልካሹ የመርከብ መተላለፊያ ነበር፤ ማዶው ካሜሮን ነው። እዚህም የሚያሻግረው ጀልባ ነው። መኪናውን ሠራተኛው ባሳየው ቦታ አቁሞ ሞተሩን ሲያጠፋ፣ አልማዝ ቀዩን ማሰሪያ ዳሽቦርዱ ላይ አስቀመጠችው።

ተስፋዬ ለመካድ አልሞከረም።

"ቦሞንት፣ የትራክ ማቆሚያ ውስጥ ነው ያገኘሁት። ተሳቢዬ ሥር ተኝቶ ነበር። አንድ ጊዜ ደወልኩ፤ አልተነሣም።"

"አንድ ጊዜ?"

"አንድ ጊዜ።"

"ለምን ደግመህ አልደወልክም?"

"ቢያነሡትስ ብዬ ፈራሁ።" ድምፁ ወረደ። "አንቺ ያኔ ሌሊት ሌሊቱን ኮቪድ ክፍል ትሠሪ ነበር፤ ከመጣሽም በኋላ ለብቻሽ ነበር የምትተኚው። እኔ ቤት ገብቼ የማወራው ከግድግዳ ጋር ነበር፣ አልሚ።"

ይህን ምክንያት ስሰማ እኔም ልቤ ራርቷል። ግን ቤቱን ውኃ ከወሰደበት ሰው ላይ ውሻውንም መውሰድን ምክንያት አያሳምረውም፤ አልማዝንም አላሳመናትም።

"ጠዋት ደወልኩ" አለች።

"ተነሣ?"

"አንዲት አሮጊት አነሡት። ይኸው አምስት ዓመት ተኩል ያንን ቁጥር ያልቀየሩት ለእሱ ብለው ነው። ማዶ ቆመው ይጠብቁናል።"

ጀልባው ዳርቻውን ሲነካ ከባድ ብረት ተንኳኳ፤ መውረጃው ተዘረጋ። ከነጭ ፒካፕ ጎን ነጠላ ጫማ ያደረጉ ነጭ አሮጊት ቆመዋል። አጠገባቸው አሥር ዓመት ያለፈው የሚመስል ልጅ አለ፤ ስለ እሱ ለአልማዝ በስልክ አልተነገራትም ነበር። ልጁ ሁለት እጁን አፉ ላይ ከቦ በማታውቀው ስም ተጣራ።

ዳኛው ጆሮውን አቆመ።

"በሩን እንዳትከፍቺው!" አለ ተስፋዬ።

አልማዝ ከፈተችው። ውሻው ዘሎ ሲወርድ ገመዱ ከተስፋዬ እጅ አመለጠ። ከኋላ ወረፋ የያዙት መኪኖች ጥሩምባ ነፉ። ዳኛው መውረጃው መሐል ደርሶ ቆመ፤ ወደ ልጁ አየ፤ ዞሮ ወደ ተስፋዬ አየ። ከዚያ በሙሉ ኃይሉ ሮጠ።

ወደ ማን እንደሮጠ በሚቀጥለው ሳምንት እነግራችኋለሁ። እስከዚያ ግን እናንተ ብትሆኑ ለማን ትፈርዳላችሁ?

ይቀጥላል