የሥነ ልቡና ዋና ዋና ክፍሎችና የአእምሮ ሕክምና ዘዴዎች

መግቢያ

ሥነ ልቡና የሰውን አስተሳሰብ፣ ስሜትና ጠባይ በዘዴ የሚያጠና የዕውቀት ዘርፍ ነው። በክፍል ውስጥ ትምህርት የማይገባው፣ ከጓደኞቹ ተነጥሎ የሚቀመጥ ወይም ደህና ሲማር ቆይቶ በድንገት ወደ ኋላ የሚቀር ተማሪ ሲያጋጥም ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ስም «ሰነፍ» ወይም «ባለጌ» የሚል ነው። ይህ ስም አንድ ጊዜ ከተሰጠ በኋላ ምክንያቱን የሚፈልግ አይገኝም። ምክንያቱ ግን ከማስተማሪያው ዘዴ፣ ከልጁ የዕድገት ደረጃ፣ ከዐይኑ ወይም ከጆሮው፣ ከቤቱ ችግር አለዚያም ከሕመም ሊመጣ ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዘርፉን ዋና ዋና ክፍሎችና የሕክምናውን ዘዴዎች ባጭሩ አስረድቶ፣ የመምህሩ ድርሻ የት ተጀምሮ የት እንደሚያበቃ ማመልከት ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. ዋና ዋና ክፍሎች

ስለ ነፍስና ስለ ኅሊና መመራመር ለብዙ ዘመናት የፈላስፎች ሥራ ሆኖ ኖሯል። ሥነ ልቡና ራሱን የቻለ ሳይንስ ሆነ የሚባለው ዊልሄልም ቩንት በ1879 በላይፕሲክ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ካቋቋመ ወዲህ ነው። ከዚያ በኋላ ከተስፋፉት ክፍሎች መካከል ለትምህርት ሥራ ይበልጥ የሚቀርቡት አራት ናቸው።

1. የዕድገት ሥነ ልቡና። ይህ ክፍል የልጅ አስተሳሰብ በዕድሜ እንዴት እንደሚለወጥ ያጠናል። ስዊሳዊው ዣን ፒያዤ እንዳስረዳው፣ ትንሽ ልጅ በሰፊ ብርጭቆ ያለ ውሃ ወደ ጠባብና ረጅም ብርጭቆ ሲገለበጥ ውሃው የበዛ ይመስለዋል። ከ7 እስከ 11 ዓመት ባለው ጊዜ ግን በዐይኑ በሚያየውና በእጁ በሚዳስሰው ነገር በትክክል ማሰብ ይችላል። ስለዚህ መቀነስን በጠጠር ሳይማር በቁጥር ብቻ የተጠየቀ ልጅ ቢሳሳት ጉድለቱ የልጁ ላይሆን ይችላል። የዕድሜው ወሰን ከልጅ ልጅ እንደሚለያይ ግን የኋለኞቹ ጥናቶች አሳይተዋል።

2. የትምህርት ሥነ ልቡና። ይህኛው ስለ መማር፣ ስለ ማስታወስና ስለ ፍላጎት ይመረምራል። ሄርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 ባወጣው ጥናት፣ ሰው የተማረውን የሚረሳው መጀመሪያ በፍጥነት፣ በኋላ ግን እያዘገመ መሆኑን ገልጿል። በአንድ ቀን ከሚደረግ ረጅም ክለሳ በተለያዩ ቀናት የሚደረግ አጭር ክለሳ የሚሻለው በዚህ ምክንያት ነው።

3. የመለኪያ ሥነ ልቡና። አልፍሬድ ቢኔና ቴዎዶር ሲሞን በ1905 በፓሪስ የመጀመሪያውን የአእምሮ ችሎታ መለኪያ ሲያወጡ፣ ዓላማው ልዩ እርዳታ የሚያስፈልጋቸውን ልጆች ለይቶ ማወቅ ነበር። ቢኔ የልጅ ችሎታ ፈጽሞ አይለወጥም የሚለውን አስተሳሰብ አጥብቆ ተቃውሟል። መለኪያው ልጅን ከትምህርት ለማስወጣት ሲውል ከተሠራበት ዓላማ ውጭ መዋሉ ነው።

4. ክሊኒካዊ ሥነ ልቡና። የዚህ ክፍል ጅማሬ ከትምህርት ቤት ጋር የተያያዘ ነው። የቩንት ተማሪ የነበረው ላይትነር ዊትመር በ1896 በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ክሊኒክ ሲከፍት፣ መጀመሪያ የቀረበለት ልጅ በአንዲት መምህርት አማካይነት የመጣ ነበር። የ14 ዓመቱ ልጅ አስተዋይ ሆኖ ሳለ ቃላትን በትክክለኛ ፊደላቸው መጻፍ እጅግ ያስቸግረው ነበር። ሲመረመር ዐይኑ ጉድለት ያለበት ሆኖ ተገኘ። መነጽር ተሰጥቶትና ለብቻው ተጨማሪ ትምህርት ተደርጎለት ተሻሻለ፤ ችግሩ ግን ፈጽሞ አልጠፋም። መምህርቷ በሽታውን አላወቀችም፤ ነገሩን «ስንፍና» ብላ አለመተዋ ግን ለልጁ የመፍትሔ መንገድ ከፈተለት።

ለ. የሕክምና ዘዴዎች

የአእምሮ ሐኪም የሕክምና ትምህርት ያለውና መድኃኒት የሚያዝ ሲሆን፣ የክሊኒካዊ ሥነ ልቡና ባለሙያ በአብዛኛው በንግግርና በልምምድ ይረዳል። ዘዴዎቹን በአምስት መክፈል ይቻላል።

የመጀመሪያው የቪየናው ሐኪም ሲግመንድ ፍሮይድ የመሠረተው ሲሆን፣ የሕመምን ሥር በሽተኛው ራሱ በማያውቀው ስሜትና በልጅነት ታሪኩ ውስጥ ይፈልጋል። ረጅም ጊዜ የሚወስድ በመሆኑ በብዛት ለመዳረስ ያስቸግራል።

ሁለተኛው ጠባይ በልምምድ እንደሚመጣ ሁሉ በልምምድ ይለወጣል ይላል። ሜሪ ከቨር ጆንስ በ1924 እንደ ገለጸችው፣ ጥንቸል ይፈራ የነበረ ሕፃን የሚወደውን ምግብ ሲበላ ጥንቸሉን ከሩቅ እያሳዩ ቀስ በቀስ በማቅረብ ፍርሃቱ ተወግዷል። ሰሌዳ ፊት መቆም የሚያንቀጠቅጠውን ተማሪም መጀመሪያ በመቀመጫው፣ ቀጥሎ በጓደኞቹ መካከል፣ በመጨረሻም በክፍሉ ፊት እንዲናገር ማለማመድ ይቻላል። በግድ ጎትቶ ማውጣት ፍርሃቱን ያባብሳል።

ሦስተኛው የካርል ሮጀርስ ዘዴ ነው፤ አማካሪው ሳይፈርድ በአክብሮት ማዳመጥ እንዳለበት ያስተምራል። አራተኛው አሮን ቤክ በ1960ዎቹ ያስፋፋው ሲሆን፣ የተጨነቀ ሰው ስለ ራሱ የሚሰጠውን የተዛባ ፍርድ እየመረመረ እንዲያርም ይረዳል። «አንድ ፈተና ወደቅሁ፤ እንግዲህ ለምንም አልረባም» የሚል ተማሪ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። አምስተኛው የመድኃኒት ሕክምና ነው። በ1952 ክሎርፕሮማዚን በፓሪስ ለአእምሮ ሕሙማን መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ ዕድሜያቸውን በሆስፒታል ይጨርሱ ከነበሩት ብዙዎች ወደ ቤታቸው ለመመለስ በቅተዋል።

ሐ. በአገራችን

በአዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ዋነኛ የአእምሮ ሕክምና ማዕከል ሆኖ ቆይቷል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2003 የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ጀመረ። በ2012 የወጣው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂም አገልግሎቱ በጤና ጣቢያዎች ጭምር እንዲሰጥ አቅዷል። ይህም ለገጠር መምህር ትልቅ ትርጉም አለው።

ብዙ ቤተሰብ አስቀድሞ ልጁን ወደ ጠበል ይወስዳል። መምህሩ ይህን ቢያቃልል ወላጆቹን ያርቃል። ጠበሉም መድኃኒቱም አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉና የተጀመረ መድኃኒት ያለ ሐኪም ፈቃድ መቋረጥ እንደሌለበት ማስረዳቱ ይበልጥ ይጠቅማል። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ሲወድቅም ክብሪት ማሽተት አይረዳም፤ በሽታውም በመንካት አይተላለፍም። ከሚጎዳው ነገር አርቆ፣ በጎኑ አስተኝቶ፣ በአፉ ምንም ሳያስገቡ መጠበቅ፣ ቀጥሎም ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል።

መ. የመምህሩና የዕቅድ አውጪው ድርሻ

መምህሩ ለተማሪው የበሽታ ስም መስጠት የለበትም። ሥራው ያየውን መመዝገብ ነው፦ ለውጡ መቼ ጀመረ? ልጁ ያያልን፣ ይሰማልን? በልቶ ይመጣልን? በቤቱ ሐዘን ወይም ጠብ አለን? ቀጥሎ ልጁን ለብቻው ያነጋግራል፤ ወላጆቹን ያማክራል፤ ችግሩ ከቀጠለ ወደ ጤና ጣቢያ ያስተላልፋል። ስለ መሞት የሚናገር ተማሪ ቢኖር ግን ሳይዘገይ ለቤተሰቡና ለጤና ባለሙያ ማሳወቅ አለበት። ዕቅድ አውጪዎችም የዐይንና የጆሮ ምርመራ በምዝገባ ጊዜ እንዲደረግ፣ መምህራን በሥልጠናቸው ይህን ዕውቀት እንዲያገኙ፣ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያም የሚገናኙበት ሥርዓት እንዲኖር ቢያደርጉ በአነስተኛ ወጪ ብዙ ጥቅም ይገኛል።

ማጠቃለያ

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ልጅ ግን ሕመሙን የሚደብቀው ስም ስለሌለው ጭምር ነው። መምህሩ ምክንያቱን ሳይመረምር «ሰነፍ» ከማለት ቢቆጠብ፣ ልጁ ወደሚረዳው ባለሙያ የሚደርስበት መንገድ ክፍት ሆኖ ይቆያል።