ለዒድ የታዘዘው ልብስ በሱቁ አለ ወይ?

ተራዊህ ተሰግዶ ቤት ከተገባ በኋላ ያለው ጊዜ የገበያ ሰዓት ሆኗል። እናት ስልኳን ከፍታ ለልጇ የዒድ ልብስ ትመርጣለች፤ ድረ ገጹ «አለ» ይላታል፤ ሒሳቡን በቴሌብር ትከፍላለች። በማግስቱ ከሱቁ ይደወላል፤ «ይቅርታ እህቴ፣ ያ ቁጥር ካለቀ ሰነበተ»። ገንዘቡ ይመለስላታል። ዒድ ግን ሦስት ቀን ቀርቶታል፣ ልጁም ልብሱን በፎቶ አይቶታል።

ሻጩ ሊያታልል አስቦ ላይሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ችግሩ ያረጀ የኢንተርኔት ሱቅ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ወጣት ሠርቶት ሄዷል፤ የይለፍ ቃሉ ማን ጋር እንዳለ አይታወቅም፤ ከመደርደሪያው የተሸጠው ከድረ ገጹ ላይ አይቀነስም። ነገሩ ግን የቴክኒክ ችግር ነው ተብሎ ብቻ አይታለፍም። ነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ሐኪም ኢብን ሒዛምን በእጁ የሌለውን እንዳይሸጥ መከልከላቸው በሐዲስ የታወቀ ነው። ዋጋው ቀድሞ ተከፍሎ ዕቃው በኋላ የሚቀርብበት «ሰለም» የሚባል ውል አለ፤ እሱ የራሱ መስፈርቶች ስላሉት ዑለማዎችን መጠየቅ ይገባል። «አለ» ብሎ የሌለውን መሸጥ ግን ሌላ ነገር ነው።

ሱቃቸውን ማደስ የሚፈልጉ ቤተሰቦች ከባዶ ማሠራት አይጠበቅባቸውም። ኦፕን ሶርስ ወይም ክፍት ምንጭ የሚባሉ፣ የውስጥ አሠራራቸው ለማንም ባለሙያ ግልጽ የሆነ፣ ያለ ፈቃድ ክፍያ የሚገኙ የሱቅ ሶፍትዌሮች አሉ። ፕሬስታሾፕ እ.ኤ.አ. በ2007 ፓሪስ ውስጥ ተጀመረ፤ በዎርድፕረስ ላይ የሚሠራው ውኮሜርስ በ2011 ወጣ። ትልቁ ጥቅማቸው ርካሽነታቸው አይመስለኝም፤ ሰርቨሩ፣ የድረ ገጹ ስምና የባለሙያው ድካም ይከፈልባቸዋል። የሠራው ሰው ቢጠፋ ሌላው ተረክቦ መቀጠል መቻሉ ይበልጣል።

ክፍት ስለሆነ አያረጅም ማለት ደግሞ አይደለም። ማጄንቶ 1 ክፍት ምንጭ ነበር፤ ድጋፉ እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 2020 ተቋረጠ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር፣ በአንድ ቅዳሜና እሁድ ብቻ፣ ወደ 2,000 በሚጠጉ የማጄንቶ ሱቆች የገዢዎችን የካርድ መረጃ የሚሰርቅ ኮድ ተተከለ። አብዛኞቹ በዚያው በአሮጌው ላይ የቀሩ ነበሩ።

ወደ አዲሱ ሲዛወሩ የዕቃው ስም፣ ዋጋና ፎቶ በሠንጠረዥ ፋይል ወጥቶ ሊገባ ይችላል። የደንበኞች የይለፍ ቃል ብዙ ጊዜ አብሮ አይሄድም፤ አዲስ እንዲያወጡ አስቀድሞ በመልእክት መንገር ነው። የዕቃውን ብዛት ግን ከአሮጌው አትቅዱ። ወንድም እህት ተሰብስባችሁ አንድ ምሽት ሒጃቡን፣ ጀለቢያውን፣ መስገጃውን በእጃችሁ ቁጠሩ፤ ከዚያ በኋላ ከመደርደሪያ የተሸጠውም በዚያው መዝገብ ይቀነስ። ሱቁ ከመከፈቱ በፊት ከራሳችሁ ሱቅ አንድ ዕቃ ገዝታችሁ ክፈሉ፤ ሰርዛችሁም ገንዘቡ መመለሱን እዩ።

የደንበኞች ስም፣ ስልክና የቤት አድራሻ አማና ነው፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም አለ። የሚያስፈልገው ቅጂ ከተያዘ በኋላ በአሮጌው ሰርቨር የቀረውን ማስጠፋት እንዳይረሳ።

ይህን ሁሉ ታዲያ አሁን በጾሙ መካከል እንዳትጀምሩ። ትእዛዝ በሚበዛበት በመጨረሻዎቹ አሥር ቀናት ሱቅ አይፈርስም፤ ሸዋል ይሻላል። ለዘንድሮው የሌለውን ዕቃ «አልቋል» ማለት፣ በየማታው ከኢፍጣር በፊት ቁጥሩን ማስተካከል ይበቃል። ጨረቃዋ በ29ኛው ምሽት ልትታይ ስለምትችል የመጨረሻው የማድረሻ ቀን 28ኛው ጾም እንደሆነ በድረ ገጹ አናት ላይ ጻፉ።