የዘገየ ላፕቶፕ ሁሉ የሚወገድ አይደለም፦ ሃርድ ዲስክን በጥንቃቄ ስለ መለወጥ

በየፕሮጀክት ጽሕፈት ቤቱ ለመነሣት ብዙ ደቂቃ የሚፈጁ፣ አንድ የሪፖርት ሰንጠረዥ ለመክፈት የሚያስጠብቁ ላፕቶፖች ይገኛሉ። እነዚህ መሣሪያዎች አርጅተዋል ተብለው በመደርደሪያ ላይ ይቀመጣሉ። ይሁን እንጂ የመዘግየታቸው ምክንያት ብዙ ጊዜ ሃርድ ዲስኩ ብቻ ነው። እርሱን መለወጥ ለላፕቶፑ ተጨማሪ የአገልግሎት ዓመታት ይሰጠዋል። ሥራው ግን ብሎን ከመፍታት ያለፈ ኃላፊነት አለው፤ በዲስኩ ላይ የሰዎች መዝገብ ተጽፏልና።

ሃርድ ዲስክ ለምን ይጎዳል?

ነባሩ ሃርድ ዲስክ በውስጡ የሚሽከረከር ሳሕን አለው። በብዙ ላፕቶፖች ይህ ሳሕን በደቂቃ 5400 ጊዜ ይዞራል፤ የንባብ ጭንቅላቱም ሳሕኑን ሳይነካ እጅግ በቀጠነ የአየር ክፍተት ላይ ይንሳፈፋል። ስለዚህ ላፕቶፑ በርቶ ሳለ ቢወድቅ፣ ወይም በኮረኮንች መንገድ በሚጓዝ መኪና ውስጥ ቢሠራበት፣ ጭንቅላቱ ሳሕኑን ሊፍቀው ይችላል። ለመስክ ሠራተኞች ይህ የታወቀ አደጋ ነው።

ኤስኤስዲ የሚባለው ዓይነት ግን ተንቀሳቃሽ አካል የለውም፤ መረጃን የሚይዘው እንደ ፍላሽ ነው። ነባሩ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ገደማ ሲያነብ፣ በዚያው የሳታ ማገናኛ የሚገጠም ኤስኤስዲ እስከ 500 ሜጋባይት ገደማ ያነባል።

ከመክፈት በፊት

በመጀመሪያ ሰነዶቹን ሁሉ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች መቅዳትና ቅጂዎቹ በሌላ ኮምፒዩተር መከፈታቸውን ማረጋገጥ ይገባል። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ በሌላ ሥራ ሳያደክሙት የተጠቃሚዎችን ዝርዝርና የሒሳብ ሰነዶችን ማስቀደም ያስፈልጋል።

ቀጥሎ የላፕቶፑን ሞዴል አይቶ የሚስማማውን ዓይነት መለየት ነው። በቀድሞዎቹ ላፕቶፖች የተለመደው ባለ 2.5 ኢንች ዲስክ ሲሆን ውፍረቱ 7 ወይም 9.5 ሚሊ ሜትር ነው። በአዳዲሶቹ ዘንድ ኤም.2 የተባለው ቀጭን ዓይነት ይበዛል፤ በአንዳንዶቹም ማከማቻው ከማዘርቦርዱ ጋር ስለተበየደ አይለወጥም።

አከፋፈቱ

ላፕቶፑን ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ የቻርጀሩን ገመድ መንቀልና ባትሪውን ማውጣት ይቀድማል። ባትሪው ከውስጥ ከሆነ፣ ክዳኑ እንደተከፈተ ወዲያውኑ ማገናኛውን መንቀል ይገባል። ከዚያም የማብሪያ ቁልፉን ለጥቂት ሰከንዶች ተጭኖ መያዝ የቀረውን ኤሌክትሪክ ያስወጣል። ከሰውነት የሚወጣ ኤሌክትሪክ ዕቃዎቹን ሊጎዳ ስለሚችል፣ እጅን አስቀድሞ ባልተቀባ ብረት ላይ ማሳረፍ መልካም ነው።

ብሎኖቹ በትንሽ ባለ መስቀል ካቻቢቴ ይፈታሉ። ርዝመታቸው ሊለያይ ስለሚችል የክዳኑን ቅርጽ በወረቀት ላይ ሥሎ እያንዳንዱን በየቦታው ማስቀመጥ ይጠቅማል። ረጅሙ ብሎን በአጭሩ ቦታ ቢገባ ማዘርቦርዱን ሊወጋ ይችላል። ክዳኑ አልላቀቅ ካለ በጉልበት ከመሳብ ይልቅ ያልተፈታ ብሎን መኖሩን መመርመር፣ ከዚያም በቀጭን የፕላስቲክ ካርድ ዳር ዳሩን ማላቀቅ ይሻላል።

ባለ 2.5 ኢንቹ ዲስክ ከማገናኛው ወደ ጎን ተስቦ ይወጣል። የተያዘበት የብረት ክፈፍ ወደ አዲሱ ዲስክ ይዛወርና በዚያው አቅጣጫ ተገፍቶ ይገባል። ላፕቶፑ ከተገጣጠመ በኋላ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫናል፤ ሰነዶቹም ከቅጂው ይመለሳሉ።

አሮጌው ዲስክ ወዴት ይሂድ?

ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው ይህ ነው። ፋይልን መሰረዝ ከዲስኩ ላይ አያጠፋውም፤ በተራ መሣሪያ ተመልሶ ሊነበብ ይችላል። በዚያ ዲስክ ላይ የስደተኞች፣ ወላጆቻቸውን ያጡ ሕፃናትና ሕሙማን ስምና አድራሻ ሊኖር ይችላል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይህን የመሰለ መረጃ በጥንቃቄ እንዲያዝ ያስገድዳል።

ስለዚህ አሮጌው ዲስክ መለያ ቁጥሩ በንብረት መዝገብ ተጽፎ፣ አዲሱ በደንብ መሥራቱ እስኪረጋገጥ ድረስ በተቆለፈ ቦታ ይቀመጥ። ከዚያም ሙሉው ዲስክ በላዩ በሌላ ጽሑፍ ተሞልቶ ይጥፋ፤ የማይሠራ ከሆነም ሳሕኖቹ በመሰርሰሪያ ይበሱ። ከዚህ በፊት ለጥገና ሠራተኛም ሆነ ለአሮጌ ዕቃ ገዢ ሊሰጥ አይገባም። ስማቸውን አምነው የሰጡን ወገኖች መረጃ እስከ መጨረሻው በአደራ የሚጠበቅ ነው።