አሮጌ ሞርሳ ሲገዛ፦ ልጅ ፊደሉን፣ አባት ብረቱን ያነባል

ባለፈው ዓመት ከፋሲካ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ከአንድ መርካዝ ክሊታ ስልክ ተደወለልኝ። «አንድ አባት የዛገ ብረት በረንዳቸው ላይ አስቀምጠው አላነሣም ብለዋል፤ በዚሁ ምክንያት ከልጃቸው ጋርም አልተስማሙምና መጥተሽ አነጋግሪያቸው» ተባልኩ። የሶሻል ሠራተኛነት ሥራዬ ነውና ሄድኩ። በረንዳው ላይ ያገኘሁት ግን እንዲሁ ብረት አልነበረም። ሞርሳ ነበር፤ ብረት ሠሪውም ሆነ አናጢው የሚሠራውን ዕቃ ነክሶ የሚይዝለት፣ በዕብራይስጥ መልሃጻይም የሚባለው መሣሪያ።

አባትየው ከጎንደር አካባቢ ከመጡ ገና ዓመት አልሞላቸውም። በአገር ቤት ማረሻ፣ ማጭድና መጥረቢያ ሲሠሩ የኖሩ ባለ እጅ ናቸው። እዚህ ከመጡ በኋላ ጠዋት ኡልፓን ገብተው ይቀመጣሉ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በረንዳ ላይ ይቀመጣሉ። ሞርሳውን ያፎ ከሚገኘው የአሮጌ ዕቃ ገበያ፣ ሹክ ሃፒሽፔሺም ከሚባለው፣ በ200 ሸቀል ገዝተው በአውቶቡስ አምጥተውታል። የ16 ዓመት ልጃቸው ባየው ጊዜ «እዚህም አገር መጥተን ብረት?» ብሎ ወደ ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ።

ልጁን ያሳፈረው ዝገቱ ብቻ እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳዋል። አባቶቻችን ርስት ስላልነበራቸው በእጃቸው ሥራ ኖሩ፤ ወንዱ ብረት ቀጥቅጦና ሸማ ሠርቶ፣ ሴቷ ሸክላ ሠርታ። ጎረቤት ማረሻውን ከእኛ ገዝቶ፣ መሬቱን በዚያው ማረሻ አርሶ፣ ማታ በቤቱ ግን «ቡዳ» ይለን ነበር። ልጁ ይህን ቃል ሰምቶ አድጓል። ወደ እስራኤል ሲመጣ ቃሉንም ብረቱንም እዚያው ትቶ የመጣ መስሎት ነበር።

እኔ በደረስኩበት ሰዓት አባትየው ራሳቸውም አዝነው ነበር። የሞርሳውን ቀለም በቢላዋ ፍቀው ሲያዩት ከቋሚው መንጋጋ ሥር ቢጫ መስመር ወጥቷል። ብረቱ ተሰብሮ በናስ ተበይዷል፤ በላዩም አዲስ ቀለም ተቀብቶ ተሸጧል ማለት ነው።

«ስሚኝ ልጄ» አሉኝ፤ «ቀለሙ አታለለኝ። በጨለማ ገዝቼው ቢሆን ኖሮ አልታለልም ነበር። በጆሮዬ እሰማው ነበር።»

በሳምንቱ እሳቸው፣ ልጃቸውና እኔ ሦስታችን ወደ ያፎ ሄድን። ልጁ እሺ ያለው «አባትህ የእንግሊዝኛውን ፊደል አያነቡም፤ አንተ ካላነበብክላቸው ሁለተኛም ይታለላሉ» ብዬው ነው። ነጋዴው ገንዘቡን አልመልስም አለ። እኛ ግን ባዶ እጃችንን አልተመለስንም። በዚያ ቀንና ከዚያም በኋላ የተማርነውን፣ ለሌሎች ቤተሰቦች ይጠቅማል በሚል እንደሚከተለው አቀርባለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በዚህ አገር አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የትኛው ሞርሳ ለየትኛው ሥራ?

በገበያው ሁለት ዓይነት አሮጌ ሞርሳ ይገኛል። አንደኛው እስከ ወለል የሚደርስ ረጅም እግር ያለው የቀጥቃጭ ሞርሳ ነው። እሱ ራሱ በእሳት ተግሎ በመዶሻ የተቀጠቀጠ ስለሆነ ምት ይችላል፤ የመዶሻውም ኃይል በእግሩ በኩል ወደ መሬት ይወርዳል። ሁለተኛው ጠረጴዛ ላይ በቡሎን የሚታሰረው ነው። ይህ ብዙውን ጊዜ ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ብረት ነው። ለመሞረድ፣ በብረት መጋዝ ለመቁረጥ፣ ለመብሳት ይሆናል እንጂ ለከባድ መዶሻ አይሆንም። የፈሰሰ ብረት አይታጠፍም፤ ይሰበራል። አባትየው በ200 ሸቀል የገዙትንም የሰበረው ሰው በጠረጴዛ ሞርሳ ላይ የቀጥቃጭ ሥራ ሳይሠራበት አልቀረም።

ሞርሳው የማን ሥራ እንደሆነ በምን ይታወቃል?

አሮጌ ሞርሳ ስሙን በገላው ላይ ይዞ ይገኛል። ችግሩ ስሙ በዝገትና በቀለም መሸፈኑ ነው። ልጁ ከትምህርት ቤት ጠመኔ ይዞ መጥቶ ነበር። ጠመኔውን በጎን አስተኝቶ በብረቱ ላይ ሲያሸው ከፍ ብለው የተሠሩት ፊደላት ነጥተው ወጡ፤ «ሬኮርድ»፣ ከዚያም «ቁጥር 3» የሚል ነበር።

ሬኮርድ ሼፊልድ በተባለችው የእንግሊዝ የብረት ከተማ፣ በ1898 የተቋቋመው የሃምፕተን ወንድማማቾች ፋብሪካ ሥራ ነው። ቀለሙ ሰማያዊ ነበር፤ ስለዚህ ከላይኛው ቀለም ሥር ሰማያዊ ብቅ ቢል የመጀመሪያው ቀለም ሊሆን ይችላል። ልጁ ቁጥር 3 ሲያነብ የመንጋጋው ስፋት 3 ኢንች መስሎት ነበር። በማስመሪያ ሲለካው ግን 10 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም 4 ኢንች ሆነ። የሬኮርድ ቁጥር የሞዴል ቁጥር እንጂ የስፋት ልክ አይደለም። እንደ ቁጥር 23 ያሉት የዚሁ ፋብሪካ ሞርሳዎች ደግሞ በእጀታው አጠገብ ትንሽ ማንሻ አላቸው፤ እሱን ጫን ሲሉት ሞርሳው ሳይጠመዘዝ በአንድ ጊዜ ይከፈታል። ይህን ዓይነቱን የሚገዛ ሰው፣ ዘንጉን የሚይዘው ግማሽ ዳዶ ጥርሱ አለማለቁን መመልከት አለበት።

ከአሜሪካ ሞርሳዎች የታወቀው ዊልተን ነው። ኩባንያውን በ1941 በቺካጎ ያቋቋመው ሂው ቮግል የሚባል ከቼኮስሎቫኪያ የመጣ ስደተኛ ነበር። ይህ ሞርሳ ከኋላው እንደ ጥይት ክብ ሆኖ የተዘጋ ስለሆነ በሩቁ ይለያል። ተንቀሳቃሹን መንጋጋ አውጥተው ከሥሩ ቢያዩ የተመታ ቀን ያገኛሉ። ነገር ግን በቀድሞዎቹ ላይ የተመታው የተሠራበት ቀን ሳይሆን የ5 ዓመቱ ዋስትና የሚያልቅበት ቀን ነው። ስለዚህ 1958 የሚል ከሆነ ሞርሳው የተሠራው በ1953 ነው።

የፋብሪካው ስም ከጠፋ የአገሩ ስም ይረዳል። «ምዕራብ ጀርመን» የሚል ከሆነ ከ1949 እስከ 1990 ባለው ጊዜ የተሠራ ነው፤ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ በዚህ ስም የሚጠራ አገር አልነበረም። የሶቪየት ኅብረት ስም ያለበት ከ1991 በኋላ፣ የቼኮስሎቫኪያ ስም ያለበትም ከ1992 በኋላ አልተሠራም። የፓተንት ዓመት ተጽፎ ቢገኝ ግን መጠንቀቅ ይገባል። ያ ዓመት የፈጠራው መብት የተሰጠበት ነው እንጂ ያ ዕቃ የተሠራበት አይደለም፤ ፋብሪካው ያንኑ ጽሑፍ ይዞ ለብዙ ዓመታት ሊሠራ ይችላል።

ብረቱን መስማት

ልጁ አንብቦ ሲጨርስ የአባት ተራ ሆነ። ከኪሳቸው ትንሽ ቡሎን አውጥተው የሞርሳውን ገላ ከቦታ ቦታ ቀስ እያሉ ይመቱ ጀመር። ደኅና ብረት እንደ ደወል ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የተሰነጠቀ እንደ ተሰበረ ገንቦ የታፈነ ድምፅ አለው። የላላ ዕቃ ካለበትም ድምፁ ሊታፈን ስለሚችል አስቀድመው አጥብቀውታል። ይህን ያስተማራቸው መጽሐፍ የለም። ወናፍና መስፍ አጠገብ ሆነው ከልጅነታቸው ጀምረው የሰሙት ነው።

ከዚያም የሚከተሉትን ተመለከቱ።

ሞርሳውን እስከ መጨረሻው ከፍተው ከሥርና ከመንጋጋው ጀርባ አዩ። ስንጥቅ የሚጀምረው እዚያ ነው። አዲስ ቀለም የተቀባ ቦታ ካለ ደግሞ ቀለሙ ምን እንደሚሸፍን መጠየቅ ያስፈልጋል።

እጀታው መጉበጡን አዩ። «ይሄን ቱቦ አጥልቀው አስረዝመው ጠምዝዘውበታል» አሉ። የእጀታው ርዝመት ለሰው እጅ ኃይል የተለካ ነው፤ ቱቦ የሚጨምር ሰው ዘንጉን ወይም ዳዶውን ይጎዳል። ስለዚህ የዘንጉን ጥርስ አንድ በአንድ በጣታቸው ዳሰሱ። ደኅና ነበር።

አንዲት ወረቀት ቀድደው በመንጋጋው ቀኝና ግራ አስነከሱና ጎተቱ። አንደኛው ወገን በቀላሉ ቢወጣ መንጋጋው እኩል አይነክስም ማለት ነው። መንጋጋዎቹ ሲገጥሙ ላይኛው ጠርዝ ትንሽ ቢቀድም ግን ጥፋት አይደለም።

የመንጋጋው ልባስ ያለቀ፣ እጀታው የጎበጠ፣ ላዩ የዛገ ቢሆን ይታደሳል። ገላው የተሰነጠቀውን ግን በርካሽም ቢሆን መተው ይሻላል። የፈሰሰ ብረት መበየድ ልዩ ዕውቀት ይጠይቃል፤ ብረቱ አስቀድሞ ካልሞቀና ቀስ ብሎ ካልቀዘቀዘ ከብየዳው አጠገብ እንደገና ይሰነጠቃል።

ሬኮርዱን በ250 ሸቀል ገዛን። ወደ አውቶቡሱ የተሸከመው ልጁ ነው።

እንዴት ይታደሳል?

ከመፍታት በፊት በስልክ ፎቶግራፍ ማንሣት ይጠቅማል፤ የትኛው ዕቃ ከየት እንደወጣ በኋላ ይረሳል። ያልፈታ ቪቴ ካለ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ጠብ አድርገው ማሳደር እንጂ በጉልበት መታገል አያስፈልግም።

ቅባቱን በሙቅ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ያጥቡ። ለዝገቱ የሚረክሰው መድኃኒት አቼቶ፣ በዕብራይስጥ ሖሜጽ የሚባለው ነው። የተፈቱትን ብረቶች በፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ ለአንድ ቀን ነክረው፣ በመካከሉ እያዩ፣ ዝገቱ ሲላላ በሽቦ ብሩሽ መፈግፈግ ነው። ሞላ ካለ ከአቼቶው ውጭ ይሁን፤ ሊሰባበር ይችላል። ከዚያ ሶዳ ሊሽቲያ በተበጠበጠበት ውሃ ማለቅለቅና ወዲያውኑ አድርቆ ዘይት መቀባት ያስፈልጋል። እርጥብ ሆኖ ከቆየ ወዲያው እንደገና ይዝጋል።

ፊደላቱን በማሽን ፈጭቶ ማጥፋት ትልቅ ስሕተት ነው፤ የሞርሳው መታወቂያ እሱ ነው። ቀለም ከተቀባም ከውጭ ብቻ ይሁን፤ ዘንጉና የሚንሸራተተው ክፍል ቀለም አይነካቸውም። ለዘንጉ ግራሶ፣ ለሚንሸራተተው ክፍል ቀጭን ዘይት ይበቃል።

ልጆች ባሉበት ቤት

ይህን ክፍል እናቶች በተለይ እንዲያነቡልኝ እፈልጋለሁ። የጥንት ቀለም እርሳስ የሚባለው መርዛማ ማዕድን ሊኖርበት ይችላል። የእርሳስ ብናኝ ወደ ሕፃን አካል ከገባ አእምሮውን ይጎዳል፤ በማኅፀን ላለ ልጅም አደገኛ ነው። ስለዚህ አሮጌ ቀለም በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አይፈገፈግም፤ በእሳትም አይቃጠልም። ሥራው ከቤት ውጭ፣ ቀለሙን እያረጠቡ፣ ጓንትና ለብናኝ የተሠራ ጭምብል አድርጎ ይሁን። ሕፃናትና ነፍሰ ጡር ሴቶች አይቅረቡ። ፍቅፋቂው ተሰብስቦ ይታሰር፤ የሥራው ልብስም ለብቻው ይታጠብ።

ሁለተኛው፣ አቼቶን ኤኮኖሚካ ከምንለው የማንጫ ውሃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ። ሁለቱ ሲገናኙ ሳንባ የሚያቃጥል መርዛማ ጋዝ ይወጣል። በአንድ ባልዲ በየተራ መጠቀምም አይገባም።

አተካከሉ

ሞርሳ በሚስማር አይያዝም፤ ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ከላይ እስከ ታች በሚያልፍ ቡሎን ይታሰራል። ከፍታውን ለመለካት ቀጥ ብለው ቆመው ጡጫዎን አገጭዎ ሥር ያድርጉ፤ ክርንዎ የሞርሳውን አናት ሲነካ ልኩ ነው። ቋሚው መንጋጋም ከጠረጴዛው ጠርዝ ትንሽ ወጣ ይበል፤ ረጅም ብረት ቁልቁል ሊታሰር የሚችለው ያን ጊዜ ነው።

በመርካዝ ክሊታው ይህ ሞርሳ በረንዳ ላይ እንዲተከል አልተፈቀደም፤ የጎረቤት ሰላም ነውና አግባብ ነበር። ተነጋግረን ከግቢው ጀርባ ባለው መጋዘን ቦታ ተሰጣቸው። አሁን ጎረቤቶች መቀስ፣ የተሰበረ ወንበርና የብስክሌት ዕቃ ያመጡላቸዋል። ደመወዝ ያለው ሥራ አላገኙም፤ እያፈላለግን ነው። አሮጌ ሞርሳ የአንድን አባት ችግር ሁሉ ይፈታል አልልም። ኡልፓን ግን ከሚያስቀራቸው ቀን ይልቅ የሚሄዱበት ቀን በዝቷል። ምክንያቱን ስጠይቃቸው «የመሣሪያዎቹን ስም በዕብራይስጥ ልወቅ» አሉኝ።

ልጁ በሩን መዝጋት ትቷል ብዬ ልዋሽ አልችልም፤ የ16 ዓመት ልጅ ነው። ያፎ ሲሄዱ ግን ጠመኔውን በኪሱ የሚይዘው እሱ ነው።

ውድ ወላጆችና ልጆች፣ በብዙ ቤት እንዲህ ያለ ዕውቀት ተቀምጦ አለ። ሽማግሌው የዛገ ነገር ይዘው ቢመጡ «ቆሻሻ» ከማለታችሁ በፊት ምን እንዳዩበት ጠይቁ። እናንተ አባቶችም ዕቃ ስትገዙ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ፊደል ብቻውን ስንጥቁን አያሳይም፤ ጆሮ ብቻውንም የተሠራበትን ዓመት አያውቅም።