ያውቁ ኖሯል? የጨቅላ ገላ ጉድ፣ ከጂንካ እስከ ኦሞራቴ

ጂንካ ላይ የተወለደ ጨቅላ ታቅፈው ጀርባውን ቢያዩ፣ ከወገቡ በታች ሰማያዊ ነገር ሊያገኙ ይችላሉ። ማንም አልመታውም! ቆዳን የሚያጠቁሩት ህዋሳት ወደ ላይ ሳይወጡ ከሥር ቀርተው ነው። ልጁ ሲያድግ ምልክቱ ራሱ ይጠፋል!

ሕፃን የላብ ዕጢዎቹን ሁሉ ይዞ ይወለዳል፤ ከዚያ በኋላ አንድም አይጨመርለትም! የላቡ መውጫ ግን ገና ስስ ነው፣ ቶሎ ይደፈናል። በኦሞራቴ ሐሩር ደራርበው ካለበሱት፣ ላቡ ከቆዳው ሥር ታግቶ ሽፍታ ሆኖ ብቅ ይላል! መድኃኒቱ? ልብሱን ማቅለል!

የእከክ ተባይ ግማሽ ሚሊሜትር አትሞላም። ቆዳ ውስጥ እየቆፈረች በቀን 2 ወይም 3 እንቁላል ትጥላለች! ከሁሉ የሚገርመው ግን ይኸው ነው፦ ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ልጅ ማሳከክ የሚጀምረው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ነው! እስከዚያ አብረውት የተኙት እናቱና እህቱ ተጋብቶባቸዋል። ስለዚህ እባክዎ፣ የቤቱ ሰው ሁሉ በአንድ ቀን ይታከም!

ለእከክ የሚዋጠው አይቨርሜክቲን ምንጩ ጃፓን አፈር ውስጥ የተገኘ ባክቴሪያ ነው! በዘመቻ ሲታደል ልኩን የሚወስነው ሚዛን ሳይሆን የቁመት መለኪያ ዘንግ ነው። ከ90 ሴንቲሜትር በታች ለሆነ ልጅ አይሰጥም!

ሙጀሌ አፍሪካዊት አይደለችም! እ.ኤ.አ. በ1872 ከብራዚል በመርከብ አንጎላ ገባች፣ ከዚያ አህጉሩን አቋረጠች። 1 ሚሊሜትር የማትሞላዋ ቁንጫ የልጅ ጣት ውስጥ ገብታ አተር ታክላለች!

ሙርሲዎች ሸክላ አፈር የሚቀቡት ለጌጥ ብቻ መስሎዎታል? ለጤናም ነው! የሐመር ሴቶች ከቅቤ ጋር ፀጉራቸውን የሚቀቡት ቀይ አፈር ደግሞ የፀሐይ ጨረርን በመጠኑ ይከላከላል!

ከአርባ ምንጭ አጠገብ ያለችው ኦቾሎ ቋጥኝ ላይ የተሠራች መንደር ናት። ቋጥኙ ውስጥ ሽኮኮ ይኖራል፤ የአሸዋ ዝንብ ከሽኮኮው ቁንጭርን ወስዳ የልጆችን ፊት ትነድፋለች። በልጅነቱ ይዞት የዳነ ሰው ዳግመኛ እምብዛም አይያዝም! ሽኮኮውስ የማን ዘመድ ነው? የዝሆን!

ቆረቆር ልጆችን መርጦ ይይዛል፤ የጎረምሳ ራስ ወዝ አይስማማውም! ፈንገሱ ፀጉሩ ውስጥ ስለሚገባ ቅባት ብቻውን አይደርስበትም። የሚዋጠው ግሪሲዮፉልቪን ራሱ ከሻጋታ የተገኘ ነው፤ ፈንገስ በፈንገስ! የልጁ ራስ የዳነ ቢመስልዎም ሐኪሙ ያዘዘውን ሳምንታት ሁሉ ይስጡት!