ቆቦ ሲመሽ የኪስ ካሜራ ሌንስ

ቆቦ ላይ በቀትር ፀሐይ ካሜራ ማማረጥ ብዙ ትርፍ የለውም። ባለ 100 አይኤስኦ ፊልም የገባባት የኪስ ካሜራ፣ ርካሽም ትሁን ውድ፣ የሌንሷን ቀዳዳ አጥብባ ስለምታነሳ ደህና ፎቶ ታወጣለች፤ የቀዳዳው መጥበብ የደካማ ሌንስን ጉድለት ይሸፍንላታል። ሌንስ ከሌንስ የሚለየው ፀሐይ ከምዕራቡ ተራራ ጀርባ ስትገባ ነው። ከዚያ በኋላ ለዓይን ያዝ እስኪያደርግ ብዙ አይቆይም። ሰው ፎቶ የሚፈልገው ደግሞ ያኔ ነው፤ በነሐሴ የሶለል ልጃገረዶች ከጭፈራ ሲመለሱ፣ በጥር የሠርጉ ዳስ ሲሞቅ።

የኪስ ካሜራ ከመግዛታችሁ በፊት በሌንሱ ዙሪያ የተጻፈውን አንብቡ። 1፡2.8፣ 1፡3.5 የሚል ቁጥር አለ። ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ቀዳዳው ይሰፋል፣ ብርሃንም በብዛት ይገባል። ጃፓናዊው ዮሺሂሳ ማይታኒ የነደፋት፣ እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣችው ኦሊምፐስ ኤክስኤ ላይ «ኤፍ ዙይኮ 1፡2.8» ይላል። ኤፍ በእንግሊዝኛው ፊደል ተራ ስድስተኛ ነው፤ ሌንሱ ስድስት ብርጭቆ እንዳለው ይናገራል። ታናሿ ኤክስኤ2 ላይ ያለው ዲ ነው፤ አራት ብርጭቆ፣ ቀዳዳዋም 3.5። ከኪስ ካሜራዎች ሁሉ የምወደው ኤክስኤን ነው። ቀዳዳዋ እስከ መጨረሻው ሲከፈት የፎቶው ማዕዘኖች ይጠቁራሉ፤ መሃል ያለው ፊት ግን ጥርት ይላል።

ደህና አምፖል በበራበት ዳስ ባለ 400 ፊልም በ2.8 ሲነሳ በግምት 1/15 ሰከንድ ይፈልጋል። ትንፋሹን ይዞ ምሰሶ የተደገፈ ሰው ይችለዋል። እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው ያሺካ ኤሌክትሮ 35 ቀዳዳው 1.7 ስለሆነ 1/40 ይበቃዋል፤ ክብደቱ ግን ለኪስ አይሆንም። ብዙዎቹ ባለ ዙም የኪስ ካሜራዎች ሌንሳቸው ተስቦ ሲወጣ ቀዳዳቸው ወደ 11 ይጠጋል። ያ ማለት በ2.8 ከሚገባው ብርሃን 1/16 ገደማ ብቻ ነው፤ ያው ዳስ አንድ ሙሉ ሰከንድ ይጠይቃል። በአንድ ሰከንድ ውስጥ እስክስታ የሚመታ ትከሻ ጭስ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ለምሽት ፎቶ ዙም አትግዙ እላለሁ።

«ፍላሽ አለው አይደል?» ይባላል። የእነዚህ ካሜራዎች ፍላሽ በባለ 100 ፊልም ከ4 ሜትር እምብዛም አያልፍም። ፊት ለፊት ያለችው ሙሽራ ትነጣለች፣ ቅቤ የጠጣው ፀጉር ያብለጨልጫል፣ ከኋላ የቆሙት ሚዜዎች ጨለማ ይውጣቸዋል። ለዚህ ነው ፍላሹን አጥፍቶ ሰፊ ሌንስን ማመን የሚሻለው።

ቀንም ቢሆን አንድ ወጥመድ አለ። ነጭ ቀሚስና ፀሐይ የመታው ሜዳ የካሜራዋን ብርሃን መለኪያ ያታልሉታል፤ ብርሃኑ የበዛ መስሎት ይቀንሳል፣ ፊት ይጠቁራል። ኤክስኤ ከሆዷ ሥር ትንሽ ማንሻ አላት፤ +1.5 ላይ ስትደርስ ፊቱ ይፈካል።

የቆላው አቧራ ሌንስ ላይ ሲያርፍ አምፖሎች በፎቶው ላይ ጉም ለብሰው ይወጣሉ። የኤክስኤ ተንሸራታች ክዳን ከዚህ ይታደጋል። ሙቀት ደግሞ ፊልሙን ያበላሻል፦ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የተረሳ ፊልም ቀለሙ ይዛባል፣ ጥቁሩም ይደበዝዛል። ያለቀውን ፊልም ቶሎ አሳጥቡት፤ ያልተነሳበትን ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አኑሩት።