የአንድ ድርጅት ዋጋ እንዴት ይገመታል?

የአንድን ድርጅት ዋጋ ለመገመት ሻጩ ከሚጠራው ገንዘብ ይልቅ የሒሳብ መግለጫው የሚያስረዳውን መመርመር ይገባል። በአዲ አርቃይ ከተማ አንድ የእህል ወፍጮ ከነዕዳው በ900,000 ብር ለሽያጭ ቀረበ እንበል። በመጀመሪያ የሀብትና የዕዳ መግለጫውን ተመልከቱ። ሀብቱ 800,000 ብር፣ ዕዳው 300,000 ብር ቢሆን፣ የተጣራው ሀብት 500,000 ብር ብቻ ነው። ቀጥሎም የትርፍና ኪሳራ መግለጫውን መርምሩ። የዓመቱ ገቢ 400,000 ብር ሆኖ ደመወዝ፣ ነዳጅ፣ ጥገና፣ ወለድ፣ ግብርና የመሣሪያው እርጅና በድምሩ 310,000 ብር ቢወስዱ፣ ትርፉ 90,000 ብር ይሆናል። እንግዲህ ገዢው ያወጣውን ገንዘብ ከትርፉ ለመተካት 10 ዓመት ይፈጅበታል። ትርፉስ ሳይቀንስ ይህን ያህል ዘመን ይዘልቃልን?

የትልልቅ ድርጅቶችም ስሌት በመሠረቱ ከዚህ አይለይም። ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የድርጅቱን 10 በመቶ፣ ማለትም 100 ሚሊዮን አክሲዮኖችን፣ እያንዳንዱን በ300 ብር ለሽያጭ አቅርቦ ነበር። ይህም ድርጅቱን በሙሉ 300 ቢሊዮን ብር ያወጣል ብሎ መገመት ነው። ግምቱ ተገቢ መሆን አለመሆኑ የሚመዘነው ግን በትርፉ፣ በሀብቱና በዕዳው ነው። ስለዚህ የቤተሰባችሁ ጥሪት ለማንኛውም አክሲዮን መግዣ ከመዋሉ በፊት፣ በኦዲተር የተመረመረውን የሒሳብ መግለጫ ጠይቃችሁ አንብቡ።